ሰማያዊው «ጉድ»፦ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ባረጀ የቤት ኮምፒውተር ላይ

የቤታችን ኮምፒውተር ሳሎን ጥግ፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ የቆመ ባለ 500 ጊጋባይት ዴስክቶፕ ነው፤ ከአሥር ዓመት በፊት ስገዛውም ያገለገለ ነበር። ከባድ ሥራ የሚሠራበት ሰው የለም። ልጆቹ የትምህርት ቤት ጽሑፋቸውን ይጽፉበታል፣ እኔ የዕድራችንን ሂሳብ እይዝበታለሁ፣ ባለቤቴ ደግሞ ስልክ በቀየረች ቁጥር ፎቶዎቿን ሁሉ ወደዚያ ታወርዳለች። ባለፈው ክረምት ኮምፒውተሩ ተከፍቶ ለሥራ እስኪዘጋጅ አሥራ አንድ ደቂቃ መፍጀት ጀመረ። የሠርጋችን ፎቶዎች ያሉበት ፎልደር ሲነካ ደግሞ ስክሪኑ ደርቆ ይቀራል፣ የዲስኩ መብራት ሳያቋርጥ ይበራል፣ ከሣጥኑ ውስጥም የግድግዳ ሰዓት የሚመስል ቀጭን «ጠቅ፣ ጠቅ» ይሰማል። ጥገና ቤት ወሰድኩት። ወጣቱ ባለሙያ አምስት ደቂቃ ያህል ከነካካው በኋላ «ጋሼ፣ ዊንዶውሱ ነው የተበላሸው፤ ፎርማት አድርገን አዲስ ብንጭንበት ይስተካከላል» አለኝ። ፎርማት የሚለውን ቃል ስሰማ የሠርጉ ፎቶዎች ትዝ አሉኝና ነገ እመለሳለሁ ብዬ ኮምፒውተሩን ተሸክሜ ወጣሁ።

ይህን የማነሣው ባለሙያውን ለመውቀስ አይደለም። የዘገየን ኮምፒውተር ሁሉ በፎርማት ማከም የቆየ ልማድ ነው፤ ችግሩ ቫይረስ ወይም የተጨናነቀ ዊንዶውስ ሲሆን ደግሞ በእርግጥ ይሠራል። ሕመሙ የዲስኩ የራሱ ሲሆን ግን ሁለት ጥፋት በአንድ ጊዜ ይደርሳል፤ ያለው ፋይል ይጠፋል፣ አዲሱ ዊንዶውስም በዚያው ሊሞት በተቃረበ ዲስክ ላይ ይጫናል። ስለዚህ ከፎርማት በፊት ዲስኩ ጤነኛ መሆን አለመሆኑን የሚናገር መሣሪያ ያስፈልጋል። እዚህ የምገመግመው ለዚህ የሚያገለግለውን፣ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለውን ነፃ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። ስምንት ወር ያህል ተጠቅሜበታለሁ፤ በእኛ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ሳይሆን በዘመድና በጎረቤት አምስት ስድስት ማሽኖች ላይም ሞክሬዋለሁ።

ፕሮግራሙን የሠራው ሂዮሂዮ በሚል የብዕር ስም የሚታወቅ ጃፓናዊ ነው። ኮዱ ክፍት ነው፣ ክፍያ አይጠየቅበትም፣ መጠኑም በስልክ ዳታ ለሚያወርድ ሰው የሚከብድ አይደለም። በተለያየ መልክ ይቀርባል፤ አንዳንዶቹ ስክሪኑን ግማሽ የሚሸፍን የጃፓን ካርቱን ልጃገረድ ሥዕል ይዘው ይመጣሉ፣ እንዲያውም ድምፅ የምታሰማ አለች። የእህቴ ልጅ ይህንን አውርዶልኝ ነበርና የዕድራችን ሰብሳቢ ድንገት ቤት መጥተው ስክሪኑን ሲያዩ ምን እየሠራሁ እንደሆነ ለማስረዳት ተቸግሬያለሁ። ሥዕል የሌለበትን መደበኛውን መምረጥ ይሻላል። ከመደበኛውም መካከል መጫን የማያስፈልገውን፣ በዚፕ የታሸገውን ወስዶ ከፍላሽ ላይ ማስነሣት ያስፈልጋል፤ ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የታመመ ዲስክ ላይ አዲስ ፕሮግራም መጫን፣ ዲስኩ መጻፍ በማይገባው ሰዓት እንዲጽፍ ማስገደድ ነው። የመመርመሪያው ዓይነተኛ ጥቅም ሳይነካ ማየቱ ስለሆነ፣ ገና ከመጀመሪያው ባንነካው ጥሩ ነው።

ፕሮግራሙ ራሱ ዲስኩን አይፈትሽም። ሥራው ዲስኩ ስለራሱ የመዘገበውን ማንበብ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የተሠሩ ሃርድ ዲስኮች ስማርት በሚባል ሥርዓት የራሳቸውን ሁኔታ እየተከታተሉ ይመዘግባሉ፤ ስንት ሰዓት እንደሠሩ፣ ስንት ጊዜ እንደተከፈቱ፣ ሙቀታቸው ስንት እንደሆነ፣ ስንት ቦታ ማንበብ እንዳቃታቸው። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ይህንን መዝገብ አውጥቶ በአንድ ገጽ ላይ ያሰፍረዋል፣ በግራ በኩልም በአንድ ሣጥን ውስጥ ፍርዱን በቀለም ያስቀምጣል። ሰማያዊ ከሆነ ጥሩ፣ ቢጫ ከሆነ ጥንቃቄ፣ ቀይ ከሆነ መጥፎ፣ ግራጫ ከሆነ ደግሞ መዝገቡን ማንበብ አልተቻለም ማለት ነው። ሰማያዊው ሣጥን ላይ የተጻፈው የእንግሊዝኛ ቃል በእኛ ፊደል ሲጻፍ «ጉድ» ሆኖ ይነበባል። መጀመሪያ እንደ ቀልድ ነበር የተናገርኩት፤ ወሩ ሲገፋ ግን ያ ሰማያዊ ሣጥን አንዳንዴ በእንግሊዝኛው ሳይሆን በአማርኛው ትርጉሙ «ጉድ» እንደሚሆን ተረዳሁ። ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የእኛው ቢጫ ነበር። ከሥር ካሉት ረድፎች ሁሉ ቢጫውን ያመጡት ሁለት ናቸው፤ በመለያ ቁጥራቸው ሲ5 እና ሲ6። ፕሮግራሙን ለመጠቀም ካሉት ሃያ ያህል ረድፎች ውስጥ ሦስቱን በደንብ ማወቅ ይበቃል፣ ሦስተኛው 05 ነውና። ሦስቱንም ለመረዳት ግን ዲስኩ ውስጥ ምን እንደሚደረግ ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል።

በሃርድ ዲስክ ውስጥ በደቂቃ 7,200 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ 120 ጊዜ የሚሽከረከሩ የተወለወሉ ሳህኖች አሉ፤ ከላያቸው በናኖሜትር በሚለካ ክፍተት የሚያንዣብብ የማንበቢያና የመጻፊያ ራስ አለ። ዳታው የሚቀመጠው ሴክተር በሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች ነው። በእኛ ዲስክ ላይ አንዱ ሴክተር 512 ባይት ይይዛል፣ ጠቅላላ ብዛታቸውም 976,773,168 ነው። እያንዳንዱ ሴክተር ከዳታው ጋር የስህተት ማረሚያ ኮድ ስለሚይዝ፣ ዲስኩ ሲያነብ ጥቂት ስህተት ቢያጋጥመው ማንም ሳያውቅበት አርሞ ያልፋል። ማረም ካቃተው ደግሞ ሳህኑ በዞረ ቁጥር ያንኑ ቦታ ደጋግሞ ለማንበብ ይሞክራል። ለቤት ኮምፒውተር የተሠሩ ዲስኮች በዚህ ሙከራ ላይ ብዙ ሰከንድ እንዲቆዩ ሆነው የተዘጋጁ ናቸው፤ ሌላ ቅጂ የሌለውን ዳታ በቀላሉ ተስፋ እንዳይቆርጡበት። ያን ጊዜ ሁሉ ዊንዶውስ መልስ እየጠበቀ ይደርቃል። እኔ የኮምፒውተር እርጅና የመሰለኝ የአሥራ አንድ ደቂቃ መዘግየት አንዱን ሴክተር በመቶዎች ጊዜ የማንበብ ትግል ነበር ማለት ነው።

ትግሉ ከከሸፈ ሴክተሩ ሲ5 በሚለው ረድፍ ላይ ይመዘገባል። ይህ ረድፍ በይደር የተያዙትን ሴክተሮች ብዛት ይናገራል፤ ሊነበቡ አልቻሉም፣ ፍርዳቸው ግን አልተሰጠም። 05 የሚለው ደግሞ ፍርድ የተሰጠባቸውን፣ ከአገልግሎት ወጥተው በመጠባበቂያ ሴክተር የተተኩትን ይቆጥራል። ሲ6 ዲስኩ በራሱ ጊዜ ባደረገው ፍተሻ ሊታረሙ ያልቻሉትን ይይዛል። በእኛ ዲስክ ላይ 05 ዜሮ ሆኖ ሲ5 ዜሮ አለመሆኑ መጀመሪያ ግራ አጋብቶኝ ነበር፤ ይህን ያህል ቦታ ከተበላሸ አንድም ያልተተካው ለምንድን ነው? ምክንያቱ ሲገባኝ ዲስኩን አከበርኩት። የማይነበበውን ሴክተር በባዶ ሴክተር ተክቶ ዝም ማለት፣ በውስጡ የነበረውን ዳታ አጥፍቶ ዝም ማለት ነው። ስለዚህ ዲስኩ ያ ቦታ አንድ ቀን ሊነበብ ይችላል ብሎ በይደር ያቆየዋል፤ ቦታው ላይ አዲስ ነገር ሲጻፍ፣ ማለትም አሮጌውን ዳታ የሚፈልገው እንደሌለ ሲረጋገጥ ብቻ ፍርዱን ይሰጣል።

ፎርማት «የሚፈውሰውም» በዚሁ መንገድ ነው። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ፈጣኑ ሳይሆን ሙሉው ፎርማት የሚፎርማተውን ክፍል ከዳር እስከ ዳር በዜሮ ይሞላዋል፤ በይደር የቆዩት ሴክተሮች አንድ በአንድ ፍርድ ያገኛሉ፣ የተበላሹት ይተካሉ፣ ሲ5 ወደ ዜሮ ይወርዳል፣ ኮምፒውተሩም ለጥቂት ሳምንት ወይም ለጥቂት ወር እንደ ልቡ ይሠራል። ደንበኛው ጥገናው ተሳክቷል ብሎ ከፍሎ ይሄዳል። ዲስኩ ግን አልዳነም።

ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ እነዚህን ሦስት ረድፎች ከሌሎቹ ለይቶ የሚያይበት መንገድ ለእኔ ትልቁ ብቃቱ ነው። እያንዳንዱ የስማርት ረድፍ የዲስኩ ፋብሪካ ያስቀመጠለት የመጨረሻ ገደብ አለው፤ ዲስኩ ራሱ «ወድቄያለሁ» የሚለው ነጥቡ ከዚያ ገደብ ሲወርድ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ገደቡ እጅግ ዝቅ ተደርጎ ስለሚቀመጥ፣ በብዙ ዲስኮች ላይም ለሲ5 ዜሮ ስለሆነ፣ መቶ ሴክተር ማንበብ የተሳነው ዲስክ በራሱ ሚዛን ጤነኛ ነው። ዊንዶውስ ውስጥ ባለው የትእዛዝ መስኮት የዲስኩን ሁኔታ ብጠይቅ ያገኘሁት መልስ «ኦኬ» የሚል ነበር፤ ኮምፒውተሩ ሲከፈት ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው ባዮስ የተባለ ፕሮግራምም ምንም አልተናገረም። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ግን የፋብሪካውን ገደብ ለቀዩ ብቻ ትቶ፣ በ05፣ በሲ5 ወይም በሲ6 ላይ አንድ እንኳ ሲያገኝ ሣጥኑን ቢጫ ያደርጋል። ይህ ጥብቅነት አንዳንድ ሰው ያስቆጣል። ለዓመታት 05 ላይ ሁለት ብቻ ይዞ ምንም ሳይሆን የሚሠራ ዲስክ አለኝ የሚል አይጠፋም፤ ለእንዲህ ያለው ሰው ከስንት ጀምሮ ቢጫ ይሁን የሚለውን መቀየር የሚያስችል ቅንብር አለው። እኔ ሳልነካው ትቼዋለሁ።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። ፕሮግራሙ ሲከፈት ትክክለኛው ቁጥር የሚታየው በአሥር ቤት ሳይሆን በአሥራ ስድስት ቤት ሥርዓት ነው፤ ከዘጠኝ በኋላ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያለ ይቀጥላል። የእኛ ሲ5 ከብዙ ዜሮዎች ቀጥሎ 18 ይላል። አሥራ ስምንት መስሎኝ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ፤ የእህቴ ልጅ ነው አንዱ እንደ አሥራ ስድስት ስለሚቆጠር ከስምንቱ ጋር 24 መሆኑን የነገረኝ። በምናሌው ውስጥ ገብቶ፣ የላቁ አማራጮች ከሚለው ሥር፣ ቁጥሩ በአሥር ቤት እንዲታይ ማድረግ ይቻላል፤ ግን ይህን የሚያውቀው አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ነው። ለተራ ተጠቃሚ የተሠራ ፕሮግራም፣ ያውም ለጤና ምርመራ፣ ቁጥሩን ሰው በሚቆጥርበት መንገድ ቢያሳይ ምን ይጎድልበት ነበር? ሌሎቹ ረድፎችም ቢሆኑ ምንም ማብራሪያ አይሰጥባቸውም። በተለይ 01 እና 07 ላይ በአንዳንድ ፋብሪካ ዲስኮች የሚታየው ቁጥር ገና ከአዲስነቱ በሚሊዮን የሚቆጠር ስለሆነ፣ ያልለመደ ሰው ሲያየው ዲስኩ ያለቀለት ይመስለዋል። ያ ቁጥር ስህተቶችንና ጠቅላላ ሙከራዎችን በአንድ ላይ አጣምሮ የሚጽፍበት የፋብሪካው የራሱ ዘዴ ነው እንጂ ብልሽት አይደለም።

ሲ7 የሚለውን ረድፍ ለብቻው ላንሣው፣ ብዙ ዲስክ ያለ ጥፋቱ የሚጣለው በዚህ ሳቢያ ነውና። ይህ ረድፍ የሚቆጥረው በዲስኩና በማዘርቦርዱ፣ ማለትም በኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ መካከል ሲተላለፍ የተበላሸውን ዳታ ነው፤ ምንጩ በአብዛኛው ዲስኩ ሳይሆን ኬብሉ ነው። ጎረቤታችን ያሉ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ኮምፒውተራቸው ፋይል ሲገለብጥ እየተቋረጠ አስቸግሯቸው ሃርድ ዲስክ ሊገዙ ተነሥተው ነበር። ከፍላሼ ፕሮግራሙን አስነሥቼ ሳየው ሣጥኑ ሰማያዊ ነው፣ ሦስቱም ረድፎች ዜሮ ናቸው፣ ሲ7 ግን በአሥር ቤት ሲመለስ 312 ይላል። የሳታ ኬብሉን ቀየርንላቸው። ይህ ቁጥር አንዴ ከተመዘገበ ወደ ታች ስለማይመለስ ዛሬም 312 ይላል፤ አለመጨመሩ ነው የመዳኑ ምልክት። «ታዲያ አንተ ዶክተር ነህ» አሉኝ፤ ኬብሉ ከቡና ጋር ቁርስ የሚያህል ዋጋ ነበረው።

ሌላው ሊጤን የሚገባው መብራት ነው። ዲስኩ አንድ ሴክተር ላይ በመጻፍ ላይ ሳለ መብራት ድንገት ቢጠፋ፣ ዳታው ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ከማረሚያ ኮዱ ጋር ሳይገጥም ሊቀር ይችላል። ሳህኑ ምንም አልሆነም፤ ነገር ግን ሴክተሩ አይነበብምና ሲ5 ላይ ይቆጠራል፣ ሣጥኑም ቢጫ ይሆናል። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ በሌለበት ቤት ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ፕሮግራሙ የመብራቱን ጥፋትና የሳህኑን ጉዳት አይለይም፣ ሊለይም አይችልም። የሚለየው ጊዜ ነው፤ ቁጥሩ ባለበት ከቆመና ዳታው ተገልብጦ ካለቀ በኋላ ዲስኩ በሙሉ ሲጻፍበት ሲ5 ወደ ዜሮ ወርዶ 05 ምንም ካልጨመረ፣ ጥፋቱ የመብራቱ ነበር ለማለት ይቻላል። በእኛ ዲስክ ላይ እንዲህ አልሆነም። ሐሙስ ማታ 24 የነበረው ቅዳሜ ጠዋት 37፣ ሰኞ 61 ሆነ። ቁጥሩ በቀን በቀን የሚያድግ ከሆነ ስለ መብራት መከራከር ጊዜ ማባከን ነው። ፕሮግራሙ የእያንዳንዱን ረድፍ ለውጥ በጊዜ ሂደት በግራፍ ያሳያል፤ ሁሉንም መዝገብ በአንድ ጠቅታ እንደ ጽሑፍ ገልብጦ በቴሌግራም ለሚያውቅ ሰው መላክም ይቻላል። ሁለቱም ጠቅመውኛል።

አሁን ወደ ሰማያዊው ልመለስ። በ2007 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የጉግል ተመራማሪዎች ከ100,000 በላይ ሃርድ ዲስኮችን ተከታትለው ያገኙትን አሳትመው ነበር። አንድ ዲስክ በፍተሻ የመጀመሪያውን የማንበብ ስህተት ካሳየ በኋላ ባሉት 60 ቀናት ውስጥ የመውደቅ ዕድሉ ምንም ስህተት ካልታየበት በ39 እጥፍ ይበልጣል። ይህ ቢጫውን እንድናምን የሚያደርግ ነው። በዚያው ጥናት ግን ከወደቁት ዲስኮች ከ56 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዋና ዋና በሆኑት አራት ምልክቶች በአንዱም ላይ ምንም አላሳዩም፤ ከሙቀት በስተቀር ሁሉም የስማርት ምልክት ተደምሮ እንኳ ከ36 በመቶ የሚበልጡት ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ነው የሞቱት። ሞተሩ የሚነክስ፣ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳው የሚቃጠል፣ የማንበቢያ ራሱ ተሰብሮ ሳህኑን የሚፍቅ ዲስክ ሴክተር እስኪቆጥር ፋታ አያገኝም። ስለዚህ ቢጫው እውነቱን ይናገራል፣ ሰማያዊው ግን «እስካሁን ምንም አላየሁም» ከማለት አያልፍም። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ሰማያዊውን «ጥሩ» ከሚል «የተመዘገበ ችግር የለም» ቢል ኖሮ ሐቀኛ ይሆን ነበር፤ ከሁሉም ጉድለቶቹ ይህኛውን ነው አጥብቄ የምይዝበት።

በሌላ መንገድም ሰማያዊ ያታልላል። ዲስኩ ለረጅም ጊዜ ያልነካውን ቦታ አያውቀውም። አምስት ዓመት ሙሉ ያልተከፈተ ፎልደር የተቀመጠበት ሴክተር ቢበላሽ፣ አንድ ሰው ሊያነበው እስኪሞክር ወይም ዲስኩ በራሱ ፍተሻ እስኪደርስበት ድረስ ከመዝገቡ አይገባም። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ደግሞ ዲስኩን ራስህን ፈትሽ ብሎ አያዝም፣ የሳህኑንም ገጽ አይቃኝም። ለዚህ ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል። ከሞከርኳቸው ውስጥ ደስ ያለኝ ስማርት ሞን ቱልስ ነው፤ በስበት ሞገድ ምርምር የሚታወቀው የፊዚክስ ሊቅ ብሩስ አለን በፈረንጆች 2002 የጀመረው ሲሆን፣ በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒውተር የሚያስነሣው ሊኑክስ ባለበት ፍላሽ ኮምፒውተሩን አስነሥቶ በጽሑፍ ትእዛዝ ይሠራበታል። አጭሩ ፍተሻ ሁለት ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ ረጅሙ ሳህኑን ከዳር እስከ ዳር ስለሚያነብ 500 ጊጋባይት ላይ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈልጋል። መልኩ ግን ጥቁር መስኮትና ነጭ ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ለማንም አልመክረውም ነበር፣ ውጤቱ ይህን ያህል ግልጽ ባይሆን።

አብዛኛው ሰው ከዚህ ይልቅ ዊንዶውስ ውስጥ ወዳለው ቼክዲስክ ይሮጣል። እኔም ሮጬ ነበር። ቼክዲስክ የፋይል ሥርዓቱን ለማስተካከል የተሠራ ነው፤ መጥፎ ሴክተር ፈልግ ተብሎ ሲታዘዝ የታመመውን ዲስክ ሌሊቱን ሙሉ ያስለፋዋል፣ ያላነበበውንም የፋይል ክፍል ቆርጦ ይጥላል፣ ማውጫውንም በራሱ ግምት ይጠግናል። ጤነኛ ዲስክ ላይ ጥሩ አገልጋይ ነው። ቢጫ በሆነ ዲስክ ላይ ግን ዳታው ከመገልበጡ በፊት ማስኬድ አይገባም፤ በእኔ ላይ 14 በመቶ ላይ ሦስት ሰዓት ቆሞ ነው የዘጋሁት።

የዳንኩት በሌላ ነፃ ፕሮግራም፣ በዲዲሬስኪው ነው። አንቶኒዮ ዲያዝ ዲያዝ የጻፈው ይህ መሣሪያ ከሊኑክሱ ፍላሽ ላይ ሆኖ የታመመውን ዲስክ ወደ ሌላ ጤነኛ ዲስክ ሴክተር በሴክተር ይገለብጣል። ብልሃቱ በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ዊንዶውስ ፋይል ሲገለብጥ መጥፎ ቦታ ላይ ሲደርስ እዚያው ተጣብቆ ዲስኩን ያደክማል፤ ዲዲሬስኪው ግን የሚያስቸግረውን ዘሎ በቅድሚያ ጤነኛውን ሁሉ ያወጣል፣ የዘለለውን በካርታ ላይ ይመዘግባል፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ አስቸጋሪው የሚመለሰው። መብራት ቢሄድ እንኳ ካርታው ስላለ ካቆመበት ይቀጥላል። ሁለት ጊዜ ሄዶብኝ ሁለት ጊዜም ቀጥሏል። ጤነኛው ክፍል አንድ ሌሊት ፈጀ፤ የቀረውን ጥቂት ቦታ ለመታገል ሁለተኛው ሌሊት አለቀ። በመጨረሻ ያልወጣው 61 ሴክተር፣ ማለትም 31 ሺህ ባይት ገደማ ነበር፤ ከአንድ ፎቶ ያነሰ። ጉዳቱ ግን በአንድ ፎቶ ላይ አልወደቀም። ሁለት የሠርግ ፎቶዎች ከወገብ በታች ግራጫ ሆነው ቀሩ፣ አንድ የልደት ቪዲዮ መሀሉ ላይ ይንተባተባል፣ አራተኛው የዊንዶውስ የራሱ ፋይል ነው። የዕድሩ ሂሳብ ሙሉ ነው። ባለቤቴ ከሁለቱ ፎቶዎች በአንዱ ላይ የተቆረጠው የእኔ ክፍል መሆኑን አይታ ብዙም አላዘነችም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ይህ ሁሉ የሚሠራው ዲስኩ በኮምፒውተሩ እስከታየ ድረስ ነው። ሲከፈት ተከታታይ ጠንካራ ምት የሚያሰማና ባዮሱ ጨርሶ የማያየው ዲስክ ላይ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ግራጫ እንኳ አያሳይም፤ ከዝርዝሩ ውስጥ ራሱ አይገባም። ያን ጊዜ የሚሻለው ኤሌክትሪኩን ነቅሎ መተው ነው። ፍሪዘር ውስጥ ማሳደር የሚባለው ምክር እርጥበት ከማስገባት በቀር ጥቅም የለውም፣ ክዳኑን ቤት ውስጥ መክፈትም አቧራ በሳህኑና በማንበቢያ ራሱ መካከል ማስገባት ነው። በዩኤስቢ ማስቀመጫ በኩል የሚገናኝ ዲስክም ሊያሳስት ይችላል፤ አንዳንዶቹ ርካሽ ማስቀመጫዎች የስማርት መዝገቡን ስለማያሳልፉ ፕሮግራሙ ዲስኩን አያየውም። በቀጥታ ከማዘርቦርዱ ጋር ማገናኘት መፍትሔው ነው።

ፕሮግራሙ ከምርመራ በላይ ያገለገለኝ ምትክ ዲስክ ስፈልግ ነው። ያገለገለ ዲስክ ሻጭ ሁሉ «ብዙ አልሠራም» ይላል። ፍላሼን ይዤ ሄጄ ሱቁ ውስጥ ባለው ኮምፒውተር ላይ አንድ በአንድ እንዲሰኩልኝ ጠየቅሁ። የመጀመሪያው 41,000 ሰዓት ያህል ሠርቷል፤ ሳይጠፋ ከአራት ዓመት ተኩል በላይ ማለት ነው። ሁለተኛው ሰዓቱ ጥቂት ነበር፣ 05 ላይ ግን ቢጫ አበራ። ሻጩ ፕሮግራሙን አይቶ «ይሄ ነገር ውሸት ነው የሚያወራው» አለ፤ በሦስተኛው ዲስክ ላይ ሰማያዊ ሲበራ ግን እውነተኛ ሆነ። በእርግጥ ልዩ መሣሪያ ያለው ሰው መዝገቡን ወደ ዜሮ መመለስ ስለሚችል ጥቂት ሰዓት የሚያሳይ አሮጌ ዲስክ ሁሉ አይታመንም፤ የተሠራበት ቀን ከላዩ ላይ ተጽፏልና ከሰዓቱ ጋር ማስተያየት ይገባል። በመጨረሻ ሦስቱንም ትቼ አነስተኛ አዲስ ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ሳህን የሌለው ዲስክ ገዛሁ። ኮምፒውተሩ አሁን ከአንድ ደቂቃ በታች ይከፈታል።

አሮጌው ዲስክ ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ነው። ላዩ ላይ በማርከር «ሲ5 = 61፣ አትጠቀሙበት» ብዬ ጽፌበታለሁ፤ የእህቴ ልጅ ከሥሩ «በአሥር ቤት» ብሎ ጨምሮበታል።